ውሻዬ ለሁለተኛ ጊዜ ጨነገፈች፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ቤተሰብ። 4 ዓመት የሞላት ጀርመን ሸፐርድ አለችኝ፣ ቼሪ ትባላለች። አምና በ28ኛው ቀን በአልትራሳውንድ ታይታ 5 ቡችላ አላት አሉኝ። ከዚያ ሆዷ ሟሸሸና ሳትወልድ ቀረች፣ ደምም ፈሳሽም አላየሁም። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ካመጣሁት ወንድ ጋር አገናኘኋት። ከትናንት ወዲያ፣ በ52ኛው ቀን፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ገለባው ላይ ሦስት የሞቱ ቡችሎች ተኝተዋል፣ አንዱን እየላሰችው ነበር። ግራ የገባኝ ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት አዋላጅ ነርስ የሆነችው እህቴ በሰው ዶፕለር (የፅንስ ልብ ምት ማዳመጫ) አዳምጣት «120 ነው፣ ደህና ናቸው» ብላኝ ነበር። ጎረቤት ዓይን በልቷት ነው ይላል። ሌላው በሚቀጥለው ጊዜ እርግዝናን የሚይዘውን ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ አስወጋት ይላል። አሁን ትበላለች፣ ግን ቡናማ ፈሳሽ አላት።

ሸኖ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ በኔም ደርሷል። የአምናው እንኳን ብዙም አይግረምህ። ጽንሱ ገና ትንሽ ሆኖ፣ እስከ 35ኛው ቀን አካባቢ፣ ከሞተ የእናትየው ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፣ ምንም ሳታይ ያልፋል። የዘንድሮው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጠይቅህ፣ ለእከክ ወይ ለሌላ ነገር መርፌ ተወግታለች? ዴክሳሜታሶን የሚባለው መርፌ ያስጨነግፋል።

ጠያቂ፦
አልተወጋችም። ግን በኅዳር አንዲት በጋችን ጨንግፋ እንግዴ ልጁን ቼሪ በልታዋለች። ይሄ ያገባዋል?

የእንስሳት ሐኪም (ደብረ ሲና)፦
በደንብ ያገባዋል! የበግ ብሩሴላ፣ ማለትም የሚያስጨነግፈው ባክቴሪያ፣ ውሻንም ይይዛል፣ ሰውንም ይይዛል። የራሱ የውሻ ብሩሴላም አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ የሚያስጨነግፈው ከ45ኛው እስከ 59ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያንተ 52 ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ፈሳሹንና ገለባውን ያለ ጓንት አትንካ፣ ገለባውን አቃጥል፣ ወለሉን በበረኪና እጠብ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ አይጠጉ። የሞቱትን ቡችሎች ጥለሃቸው ካልሆነ በበረዶ አድርገህ ለምርመራ ውሰድ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከምግብ ጋር ግን እንዳታስቀምጥ።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ለበግና ለከብት የሚሠራው የሮዝ ቤንጋል ምርመራ የውሻውን ብሩሴላ አያሳይም። ኔጋቲቭ ነው ሲሉህ ዝም ብለህ እንዳትመለስ፣ ለውሻ ተብሎ የሚሠራውን ጠይቅ። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቀህ እየው። ወንዱም ይመርመር። ከተገኘባቸው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ አያጠራቸውም፣ ከማራባት መውጣት አለባቸው። ያመመህ ቢሆንም አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

ጣርማ በር፦
ዶክተር ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ዶፕለሩ ልጨምር። 120 የሰማችሁት የቼሪን ልብ ነው! እህትህ ልክ ናት፣ ለሰው ፅንስ ከ110 እስከ 160 ጤነኛ ነው። ለውሻ ግን አይደለም። ደህና የሆነ ቡችላ ልቡ በደቂቃ ከ200 በላይ ይመታል፣ እንደ መኪና ሞተር ትርርር ነው የሚለው። ከ180 በታች ከወረደ ያሳስባል፣ ከ160 በታች ደግሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የእናትየዋን ለመለየት አንድ እጅህን ደረቷ ላይ አድርግ፣ በሌላው ዶፕለሩን ሆዷ ላይ። አብረው የሚመቱ ከሆነ የሷ ነው። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ የእናትየዋን ልብ ስቆጥር ከርሜያለሁ፣ ብቻህን አይደለህም።

ሸኖ፦
ሃሃሃ። እኔ ደግሞ በሆዷ ጋዝ ድምፅ ስምንት ቡችላ ቆጥሬ ሁለት ወለደች።

የእንስሳት ሐኪም (ደብረ ሲና)፦
ስለዚህ ነው ቁጥር በራጅ ይሻላል የምንለው፣ ከ55ኛው ቀን በኋላ አጥንቱ ይታያል። ፕሮጄስትሮኑን ሳያስለኩ አትወጉ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ2 ናኖግራም በታች ከሆነ እርግዝናውን መያዝ አይችልም፣ ያን ጊዜ ከሐኪም ጋር ይታሰባል። ሳይለካ ከተወጋ ግን የሞተ ካለ ውስጥ አስቀርቶ ማሕፀኗን ያመግላል፣ ሴት ቡችሎችንም ያበላሻል። አሁን አስቸኳዩ ሌላ ነው። ዛሬ ሙቀቷን በቴርሞሜትር በፊንጢጣ ለካ። ከ39.5 ካለፈ፣ ወይም ፈሳሹ ከገማ፣ ወይም መብላት ካቆመች፣ ውስጥ የቀረ ቡችላ ሊኖር ይችላልና በዚያው ቀን በአልትራሳውንድ ትታይ።

ጠያቂ፦
38.7 ነው ዶክተር፣ ትበላለች፣ ሽታም የለውም። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ አደርሳታለሁ። የወንዱንም ባለቤት ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ግን ሌሎች ሦስት ሴቶች ጋ ሄዷል ብሎ ዝም አለ። ለእህቴ 120ው የቼሪ ልብ ነው ስላት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።