የበግ የውስጥ አካላትን በፎረንሲክ ምርመራ መልክ ስለማስተማር

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የልብን አራት ክፍሎች ስም በቃላቸው ይወጡታል፤ የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ለምን እንደሚወፍር ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከሥጋ ቤት የበግ ልብ፣ ሳንባና ጉበት አምጥቼ፣ የፎረንሲክ ሐኪም አስከሬን መርምሮ የሞትን ምክንያት እንደሚያገኝ ሁሉ፣ እነሱም በዓይናቸው ካዩት ማስረጃ ተነሥተው ድምዳሜ ላይ እንዲደርሱ ማድረግ እፈልጋለሁ። የሚያሳስበኝ የሰውን አሟሟት እንደ ታሪክ ማቅረቡ ነው፤ በክፍሌ ውስጥ በቅርቡ ወላጅ የቀበሩ ልጆች አሉ።

መልስ፦ መምህርት፣ ከቢቸና

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም የሰውን ታሪክ ትቼ «ይህ በግ በሕይወት ሳለ ለምን ከሳ?» ብዬ ነው የጠየቅኋቸው። ጉበቱን ሲከፍቱት የሐሞት ቱቦዎቹ ወፍረውና ጠንክረው፣ በውስጣቸውም ቅጠል የሚመስሉ ጠፍጣፋ ትሎች ተገኙ። የጉበት ትል ለማደግ ቀንድ አውጣ የሚያስፈልገው በመሆኑ ረግረጋማ ግጦሽ ይስማማዋል፤ በግ ሲጠብቁ ያደጉት ልጆች በጉ የት እንደዋለ ከእኔ ቀድመው ተናገሩ። ሐሞት ከየት ወደ የት እንደሚፈስ የጠየቁኝም በዚያው ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም።

ለልቡ ደግሞ ሥጋ ሻጩ የደም ሥሮቹን ረዘም አድርጎ እንዲቆርጥልዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ አለዚያ ከሥሩ ቆርጦ ይሰጥዎታል። ልቡን ሳይሰነጥቁ በዋናው ደም ወሳጅ ቧንቧ በኩል ውሃ ሲያፈሱበት ክዳኖቹ ተዘግተው ውሃውን ያግዱታል፤ ይህን ያየ ተማሪ የክዳኖቹን ሥራ አይረሳም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ከፍኖተ ሰላም

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። በክት የሆነ እንስሳ፣ በተለይም በድንገት ሞቶ ከአፍና ከአፍንጫው ያልረጋ ደም የሚወጣው፣ በምንም ምክንያት ለትምህርት ተብሎ እንዳይከፈት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው አየር አግኝቶ በአፈር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት የሚቆይ ስፖር ይፈጥራል። የሚጠቀሙበት በባለሙያ ተመርምሮ የታረደ እንስሳ አካል ብቻ ይሁን። በሳንባ ወይም በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካገኙ ለውሻ እንዳይጣል፤ ውሻው በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ትል ወደ ሰው ያስተላልፋልና ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሳንባውን በአፍ መንፋት አይገባም፤ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው በብስክሌት ፓምፕ ይንፉት። ጓንት አይለይ፤ ጠረጴዛውም በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ይጽዳ።

የጠያቂው ምላሽ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በበጉ ጥያቄ እጀምራለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እዚህ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ከቅበላ በፊት ማድረግ ይኖርብኛል። መምህርት፣ ትል ያለበትን ጉበት እንዴት አገኙት?

መልስ፦ መምህርት፣ ከቢቸና

ከቄራ ነው። የሥጋ መርማሪው ለምግብ አይሆንም ብሎ የለየውን፣ ለምን እንደምፈልገው አስረድቼ፣ በእሱ ፈቃድ ወሰድሁ። ሲጨርሱ መልሰው ለማስወገጃው ያስረክቡት።