ስፓኒሽ የምትችሉ፦ ከ«አውንኬ» (ምንም እንኳ) በኋላ የትኛው የግሥ ቅርጽ ይገባል?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ሆኜ በርቀት የስፓኒሽ ቋንቋና የሂስፓኒክ ባህል ዲግሪ እየተማርኩ ነው፤ ሱብሁንቲቮ (ፍላጎት፣ ጥርጣሬና ያልተረጋገጠ ነገር ሲነገር የሚገባው የግሥ ቅርጽ) ላይ ተይዣለሁ። ፍላጎትና ጥርጣሬ አያስቸግረኝም፦ «ክሬኦ ኬ ቢየኔ» (የሚመጣ ይመስለኛል) ሲካድ «ኖ ክሬኦ ኬ ቤንጋ» ይሆናል።

ያቃተኝ «አውንኬ» ነው። «አውንኬ ዩዌቤ» ሲባል ዝናቡ እየጣለ መሆኑ ይነገራል፤ «አውንኬ ዩዌባ» ደግሞ ገና ያልታወቀ ነገር ነው። የእኛ «እየዘነበም» እና «ቢዘንብም» በትክክል ይገጥማሉ ብዬ ነበር። ግን ተናጋሪውም ሰሚውም መስኮት ላይ ቆመው ዶፉን እያዩ «አውንኬ ዩዌባ፣ ሳልጎ» (ቢዘንብም እወጣለሁ) ይባላል። መጽሐፉ ምክንያቱን ሲሰጥ ሰሚው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ዜና ስላልሆነ ሱብሁንቲቮ ይገባል ይላል። ታዲያ አንቀጽ ስጽፍ አንባቢው ማወቅ አለማወቁን በምን ልለየው? ቀደም ባለው ዓረፍተ ነገር መጠቀሱ ብቻ ይበቃል?

ሌላው «አውንኬ ዩቢየራ፣ ኢሪያ» (ቢዘንብ እንኳ እሄድ ነበር) ነው። የመዝነቡ ዕድል አነስተኛ ሲሆን እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ስላለፈና በእርግጥ ስለዘነበ ቀን ሳወራስ ያስኬዳል?

(የመልመጃው ድምፅ የቦነስ አይረስ ሰው ስለሆነ «ዩዌባ»ን «ሹዌባ» ነው የሚለው፤ እሱን ለምጄዋለሁ።)

ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ቪዲዮ አይከፍትልኝም። ሁለቱንም የግሥ ቅርጽ በአንድ ሁኔታ የሚያነጻጽሩ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች በጽሑፍ ብትልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።