ኦቶክሌቩ 15 ፒኤስአይ እያሳየ ሚዲያዬ ለምን ይበላሽብኛል? (ደብረ ብርሃን)

የጅሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርሴን እየሰራሁ ነው፣ ስራዬ የመንዝ በግ ላይ ነው። ከደም ዲኤንኤ አውጥቼ የምፈልገውን የጂን ቁራጭ በፒሲአር አብዝቼ ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ላይ ቀጥዬ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት ነው የቀረኝ። እስከ ፒሲአሩ ድረስ አልተቸገርኩም፣ ባንዱም ጄል ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ኤልቢ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የሚረጋ ምግብ፣ ሚዲያ የምንለው) አዘጋጅቼ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ 15 ፒኤስአይ ግፊት ላይ 15 ደቂቃ አቆይቼ፣ ፕሌት (ዝርግ ሳህን) ላይ አፍስሼ፣ ምንም ሳልዘራበት 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ሳስቀምጠው በማግስቱ አብቅሎ አገኘዋለሁ። ነጭ ሆኖ ደረቅ ያለ፣ ጠርዙ የተሸበሸበ፣ ወደ ጎን የሚንሰራፋ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ነው። አምፒሲሊን (ባክቴሪያ የሚገድል መድሃኒት) ያለበት ላይም አልፎ አልፎ ይወጣል።

አዲስ አበባ ስሰለጥን በዚሁ አሰራር አንድም ፕሌት አልተበላሸብኝም ነበር። እቃው ላይ የምንለጥፈው፣ ሲሞቅ የሚጠቁረው የኦቶክሌቭ ቴፕም መስመሩ በደንብ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ማሽኑ ሰርቷል ማለት አይደል? ሶስት ዙር ሚዲያ ጥያለሁ፣ የአጋር ዋጋ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። አድቫይዘሬ እጅሽን አስተካክዪ ነው የሚሉኝ፣ እኔ ግን በእሳት አጠገብ ነው የምሰራው፣ ጠረጴዛውንም በአልኮል ነው የማጸዳው፣ ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል። እባካችሁ ያጋጠመው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ደብረ ሲናው፦
እህት አይዞሽ። የናንተ ንፋስ አቧራውን ይዞ በየቀዳዳው ስለሚገባ ስታፈሺ የገባ ሊሆን ይችላል፣ መስኮት ዝጊ። ግን ከመገመት እንለየው፣ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛ ኮሎኒው አጋሩ ላይ ነው ያለው ወይስ ውስጡ ተቀብሮም አለ? ከላይ ብቻ ከሆነ ከአየር ወይ ከእጅ ነው፣ ውስጥ ካለ ግን ከማፍሰስሽ በፊት ነበረ ማለት ነው። ሁለተኛ ኤልቢውን ያለ አጋር በጠርሙስ ኦቶክሌቭ አድርገሽ ክዳኑን ጭራሽ ሳትከፍቺ ኢንኩቤተር ውስጥ ሁለት ቀን አቆዪው። ሳይከፈት ከደፈረሰ እጅሽ የለበትም።

የጅሩ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ፕሌቶቹን ገልብጬ አየኋቸው፣ ውስጥም አለ። ጠርሙሶቹም ክዳናቸው ሳይነካ ከአራቱ ሶስቱ ደፍርሰዋል። እጄ አለመሆኑ አስደስቶኛል፣ ግን ታዲያ ኦቶክሌቩ 15 ደርሶ እየቆመ እንዴት አይገድልም?

የድሮ ላብ ሰራተኛ፦
ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ያለሽበት ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባቄላ እኛ ጋ ለመብሰል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ፣ ያው ባቄላ ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ ሲቀቀል ቶሎ ይፈርሳል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው 100 ሳይደርስ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና ከዛ በላይ አይሞቅም። ኦቶክሌቭም ክዳኑ የተጠበቀ ድስት ነው።

ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚነግርሽ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ነው እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። «15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ ነው» የሚለው የተለመደው መመሪያ ለባህር ጠለል የተሰላ ነው፣ እዛ የውጭው አየር ራሱ 14.7 ስለሆነ ሲደመር 30 ይጠጋል። እኛ ጋ የውጭው አየር 10 ተኩል ገደማ ነው፣ 15 ስትጨምሪበት 25 ተኩል። በዛ ግፊት ደግሞ እንፋሎቱ 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባም እኮ ከፍታ ናት፣ ግን የሰለጠንሽበት ማሽን ስክሪኑ ላይ ዲግሪ የሚያሳይ ከነበረ የሚቆጣጠረው ሙቀቱን ነው፣ 121 እስኪገባ ግፊቱን ራሱ ይጨምራል። ያንቺው ግን የሚያውቀው ግፊት ብቻ ነው።

አሁን 5 ዲግሪ ምን ያመጣል ትዪኛለሽ። ለተራው ባክቴሪያ ምንም፣ እሱ በ91ም ያልቃል። የገለጽሽው ኮሎኒ ግን ባሲለስ ይመስለኛል፣ ከአፈር፣ ከጭድ፣ ከገብስ አውድማ አቧራ ጋር የሚመጣ ነው። ይሄ ሲቸግረው ስፖር ይሰራል፣ ውሃውን ቀንሶ ዲኤንኤውን በፕሮቲን ጠቅልሎ ወፍራም ልባስ ለብሶ ይተኛል፣ ፈልቶም አይሞትም። ሙቀትን በጣም የሚቋቋመው ስፖር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ መግደያው ሰዓት 10 እጥፍ ይረዝማል፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ ከ3 እጥፍ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ 15 ደቂቃሽ እዚህ 47 ደቂቃ መሆን ነበረበት። ለማረጋገጥ ከኮሎኒው ወስደሽ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) አድርጊ፣ ሀምራዊ ዘንግ ሆኖ መሀሉ ወይ ጫፉ ላይ ቀለም ያልያዘ ባዶ ቦታ ካየሽ ስፖሩ እሱ ነው።

ቴፑ እንዳያታልልሽ። ሙቀት እንዳገኘ እንጂ በቂ ጊዜ 121 ላይ እንደቆየ አይናገርም።

መፍትሄው ሁለት ነው። የማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት የሚፈቅድ ከሆነ 19 ተኩል ገደማ ድረስ ማውጣት፣ ያኔ 121 ይገባል። ካልፈቀደ ግን ሴፍቲ ቫልቩን እንዳትነኪ፣ ክብደት እንዳትጨምሪበት፣ የፈነዳ ኦቶክሌቭ ሰው ይገድላል። ሰዓቱን ብቻ ወደ 50 ደቂቃ አርዝሚ፣ ቆጠራውም ጌጁ 15 ከደረሰ በኋላ ይጀምር። ቫልቩን ከመዝጋትሽ በፊት እንፋሎቱ ያለማቋረጥ 10 ደቂቃ ይውጣ፣ ውስጥ የቀረ አየር ካለ ጌጁ 15 እያለ ሙቀቱ ከዛም ይወርዳል። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው፣ የ1 ሊትር ጠርሙስ መሀሉ እስኪሞቅ ከ250 ሚሊው በጣም ይዘገያል።

የመሀል ሜዳ ነርስ፦
እኔ ባዮሎጂስት አይደለሁም ግን ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ። ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው፣ መሀል ሜዳ ደግሞ ከናንተም ከፍ ትላለች፣ እኛም የማዋለጃ እቃውን በ15 ፒኤስአይ ነው የምናወጣው። ጋሼ እኛስ ምን እናድርግ?

የድሮ ላብ ሰራተኛ፦
ጥሩ ጠየቅሽ፣ እንደውም ከሚዲያው የናንተ ይበልጣል። የተጠቀለለ እቃ በ121 ላይ 30 ደቂቃ ነው የሚባለው፣ በናንተ ከፍታ በ15 ፒኤስአይ 30 ደቂቃው አይበቃም። በግምት ግን አትሂዱ፣ ለሀላፊሽ በጽሁፍ አሳውቂና የባዮሜዲካል ባለሙያ ማሽኑ ስንት ግፊት እንደሚችል አይቶ ያስተካክለው። ከዛ የስፖር ስትሪፕ አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ጂኦባሲለስ ስቲሮተርሞፊለስ የሚባል ሙቀት የሚችል ስፖር ያለበት ወረቀት ነው፣ እቃው መሀል ይገባና ሲወጣ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፣ ካበቀለ አልተገደለም።

ስትሪፕ እስኪገኝ አንድ የድሮ ዘዴ አለ፣ ለሁለታችሁም። ኬሚስትሪ ክፍል አሴታኒላይድና ቤንዞይክ አሲድ አይጠፋም። አሴታኒላይድ 114 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ቤንዞይክ አሲድ 122 ላይ። ከየአንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ለየብቻ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከታችሁ ጫፉን በእሳት ዝጉትና እቃው መሀል አስቀምጡት። የትኛው እንደቀለጠ ሙቀቱን ይነግራችኋል።

ደብረ ሲናው፦
ጋሼ ከመሄድዎ በፊት፣ ውሃ 91 ላይ ከፈላ የፒሲአር ማሽኑ 95 ዲግሪ ሲያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለው ተንኖ አያልቅም?

የድሮ ላብ ሰራተኛ፦
ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ አያልቅም፣ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፣ የማሽኑ ትኩስ ክዳን ደግሞ ላይ እንዳይጤዝ ያደርጋል። የላላ ክዳን ግን እኛ ጋ ቶሎ ይቀጣል፣ 25 ማይክሮሊትር ገብቶ 15 ሲወጣ አይቻለሁ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የፈላ ውሃ ውስጥ ቱቦ ነክሮ ሴል መሰባበር ላይ ነው። ፕሮቶኮሉ 100 ዲግሪ ይላል እኛ የምንሰጠው 91 ነው፣ ሂት ብሎክ (ቱቦን በጋለ ብረት የሚያሞቅ መሳሪያ) ተጠቀሙ።

የጅሩ ልጅ፦
ይቅርታ ዘገየሁ፣ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት ሁለቱንም ቱቦ አስገባሁ፣ አሴታኒላይዱ ቀልጦ ተጋግሯል ቤንዞይክ አሲዱ ግን ያው ነጭ ዱቄቱን ነው። 114 አልፏል 122 አልደረሰም፣ ልክ እንዳሉት። ግራም ስቴይኑ ላይም ባዶ ቦታ ያለው ዘንግ ነው የታየኝ። ስላይዱን ለአድቫይዘሬ ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና ለሁሉም ተማሪ ሰዓቱ ይቀየር አሉ፣ አሁን ኦቶክሌቩ በር ላይ 50 ደቂቃ የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

የኛ ማሽን ሰሌዳ ከ18 በላይ ስለማይፈቅድ ግፊቱን አልነካሁትም። በ50 ደቂቃ ያወጣኋቸው ስድስት ጠርሙሶች ሶስተኛ ቀናቸው ነው፣ አንዱም አልደፈረሰም። ግሉኮስ ያለበት ሚዲያ ግን ቡናማ ሆነብኝ፣ እሱን ምን ላድርግ?

ደብረ ሲናው፦
ግሉኮሱን ለብቻ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፊና ሚዲያው ሲቀዘቅዝ ጨምሪ። አምፒሲሊኑንም እንደዛው፣ ጠርሙሱን እጅሽ መያዝ ሲችል ነው፣ 50 ዲግሪ አካባቢ።

የጅሩ ልጅ፦
እሺ እንደዛ አደርጋለሁ። ትራንስፎርሜሽኑን (ፕላዝሚዱን ያስገባሁበትን ኢ. ኮላይ) ዛሬ ማታ እዘራለሁ፣ ጎኑ ደግሞ ምንም ያልተዘራበት ፕሌት አስቀምጣለሁ።