ትልቅ ዝርያ ቡችላ ከየት ይገዛ? ሦስት ዓይነት ሻጭ አይቼ የምጠቁመው

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደወለና «ሮትዋይለር ቡችላ ፈልጌ ነበር፣ ከማን ልግዛ?» አለኝ። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ባጭሩ፦ ቤቱ ውስጥ ከሚያረባ፣ እናትየዋን ከነልጆቿ ከሚያሳያችሁ፣ የወላጆቹን ራጅ ከሚያወጣላችሁ ሰው ግዙ። ረዘም ያለው መልስ የሚጀምረው ከራሴ ስህተት ነው።

የመጀመሪያ ውሻዬ ጀርመን ሼፐርድ ነበር። ሻጩን ያገኘሁት በማስታወቂያ ነው። ቤቱን ልይ ስለው «አትድከም፣ ላምጣልህ» አለኝ። በካርቶን ይዞት መጣ። ቡችላው ቀና ብሎ አየኝ፣ በቃ፣ አለቀልኝ። 2 ወር ሞልቶታል ተባልኩ፤ ሐኪሟ ጥርሱን አይታ ገና 6 ሳምንት ቢሆነው ነው አለችኝ። 8 ወር ሲሆነው ከተኛበት ለመነሳት ይቸገር ጀመር። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ ያነሳል፣ ልክ እንደ ጥንቸል። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ቪዲዮ እቀርጸው ነበር። ራጅ ሲነሳ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችና በጣቷ አሳየችኝ። የጭኑ አጥንት ራስ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አልገባም። ሂፕ ዲስፕሌዥያ ይባላል። ሻጩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ይህ በሽታ በትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይበዛል። ዋናው ምክንያቱ ውርስ ነው፤ ፈጣን እድገትና ውፍረት ደግሞ ያባብሱታል። ክፋቱ፣ ቡችላውን አገላብጣችሁ ብታዩት ምንም አታገኙም። በ8 ሳምንቱ ሁሉም ድንቡሽቡሽ ያለ ነው። ማየት የምትችሉት ወላጆቹን ብቻ ነው። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው ተረት ለሰው መሥራቱን እጠራጠራለሁ፤ ለውሻ ግን ይሠራል።

ሁለተኛውን ስገዛ ሦስት ቦታ ሄድኩ።

አንደኛው አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከየቦታው የመጡ ቡችሎች አንድ ላይ ታጉረዋል። እናት የለችም። ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት ቡችላ ገዳይ ተላላፊ በሽታዎች ከዚህ የተመቸ ቦታ አይገኝም። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።

ሁለተኛው ትልቅ ማርቢያ ነው። ንጹሕ ነው፣ የክትባት ካርድ አለው፣ ደረሰኝም ይሰጣል። አምስት ዝርያ ያረባሉ። ቡችሎቹ የሚያድጉት ግን በረት ውስጥ ነው፤ ሰው የሚያዩት በምግብ ሰዓት ብቻ ነው። ቁልፌ ከእጄ ወደቀና ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በግምት ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የዚህ ግማሽ የሚያልፈው ሻጩ ጋ ነው። 50 ኪሎ የሚሆን ውሻ ፈሪ ሆኖ ሲያድግ ደግሞ አያስቅም፤ የፈራ ውሻ ይነክሳል።

ሦስተኛዋ ሁለት ሴት ሮትዋይለር ብቻ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ቡችሎቹ ሳሎን ጥግ፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሳጥኑ ከውስጥ ዙሪያውን ከወለሉ ከፍ ያለ አግዳሚ እንጨት ተመትቶለታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እናትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ስትተኛ ልጇን እንዳትደፈጥጥ ነዋ» አሉኝ። እሷ 40 ኪሎ ናት፣ ልጆቿ ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ ቢሆኑ ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጋዜጣ ሳይሆን ሻካራ ጨርቅ ነው፤ የሚያንሸራትት ነገር ላይ እግራቸው እየተከፈተ መገጣጠሚያቸው ይጎዳል። ጥፍራቸው ሳይቀር ተቆርጧል፣ ሲጠቡ የእናታቸውን ሆድ እንዳይቧጭሩ። ዘጠኝ ቡችላ፣ ዘጠኝ ዓይነት ቀለም ያለው ክር አንገታቸው ላይ፣ አንድ ደብተር ላይ ደግሞ የየቀኑ ክብደታቸው። እናትየዋ መጥታ አሸተተችኝና አገጯን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። እኔ ያን ጊዜ ወስኜ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ገና አልወሰኑም። ቤትህ ደረጃ አለው? ቀን ማን ይኖራል? አድጎ ሲጎትትህ ትችለዋለህ? ከዚህ በፊት የነበረህ ውሻ ምን ሆነ? የመጨረሻውን ስመልስ ዝም ብለው ሰሙኝና ተነሥተው የራጁን ፋይል አመጡ።

ስለ ራጅ ትንሽ ልበል። «ሐኪም አይቷታል፣ ደህና ናት» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ወረቀት ይታይ። ኦኤፍኤ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ውሻው 24 ወር ሳይሞላው የመጨረሻ የዳሌ ደረጃ አይሰጥም። ኤፍሲአይ በተባለው ዓለም አቀፍ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን አሠራር ደግሞ ዳሌ ከኤ እስከ ኢ ይመደባል፤ ኤ ጤነኛ ነው፣ ኢ በጣም የከፋው። በአንድ ዓመቷ የወለደች እናት ካያችሁ ይህ ሁሉ ሳይደረግ እንደተዳቀለች መገመት ነው። ክርንም ራጅ ይነሣል፣ ሰው ይረሳዋል እንጂ። ከዚያ እንደየዝርያው ይለያያል። ለሮትዋይለር ልብም ይታያል። ለጀርመን ሼፐርድ ዲጄኔሬቲቭ ማየሎፓቲ የሚባለውን፣ በስተርጅና የኋላ እግር የሚያሽመደምደውን በሽታ የዲኤንኤ ምርመራ ጠይቁ። ለዶበርማን የልብ ምርመራ በየዓመቱ መደገም አለበት፤ የልብ ጡንቻ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ካደጉ በኋላ ስለሆነ አንድ ጊዜ ነጻ መባሉ አያዘልቅም። ግሬት ዴን ከፈለጋችሁ በዘሩ ውስጥ ሆዱ ተነፍቶ የተጠማዘዘበት ውሻ እንዳለ ጠይቁ። ሆዱ ተወጥሮ ሊያስመልሰው እየታገለው ምንም የማይወጣው ውሻ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ነው።

አባትየው ግቢ ውስጥ ከሌለ አትጠራጠሩ። ጥሩ አርቢ ለእናትየዋ የሚስማማውን ከሩቅም ቢሆን ፈልጎ ያዳቅላል። እንዲያውም ሁልጊዜ የግቢውን ወንድ ብቻ የሚጠቀም ሰው ነው ጥያቄ የሚያጭረው። የአባትየው ወረቀት ግን መኖር አለበት።

ቤት ውስጥ ማርባት ብቻውንም ዋስትና አይደለም። ውሻውን ከጎረቤት ውሻ ጋር አገናኝቶ «የቤት ልጆች ናቸው» የሚል ሞልቷል። ራጅ የሚያነሣ ማርቢያና ራጅ የማያነሣ ቤት ቢቀርብልኝ ማርቢያውን እመርጣለሁ። «ኪንግ ሳይዝ» (ከዝርያው የገዘፈ) ወይም «ብርቅዬ ቀለም» እያለ ከሚያሻሽጥ ሰው ግን ራቁ። መገጣጠሚያው መደበኛውን ክብደትም በግድ ነው የሚችለው።

ቡችላው ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ። የክትባት ካርዱ ላይ ቀን፣ ፊርማና ከክትባቱ ብልቃጥ የተላጠ ስቲከር ይኑር። «ክትባቱን ጨርሷል» ቢሏችሁ አትመኑ፤ በ8 ሳምንቱ የጨረሰ ቡችላ የለም፣ እስከ 16 ሳምንቱ ይደገማል። ውሉ ላይ «ማቆየት ካልቻልክ ለእኔ ትመልሳለህ» የሚል መስመር ካለ ደስ ይበላችሁ። የእኔ ላይ አለ።

ዕቃን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ግዙ፤ ካልሲየሙ የተመጠነ ነው። አጥንቱ ይጠንክር ብላችሁ የካልሲየም ዱቄት አትጨምሩበት፤ ትንሽ ቡችላ ትርፉን ማስወገድ አይችልም፣ አጥንቱ ይጣመማል። አታወፍሩት። በ2002 በወጣ ጥናት 48 ላብራዶሮች ዕድሜ ልካቸውን ተከታትለው ነበር፤ በሩብ ያህል ቀንሰው የተመገቡት ከጓደኞቻቸው ሁለት ዓመት ገደማ በላይ ኖረዋል፣ የመገጣጠሚያ ችግራቸውም ዘግይቶ ነው የመጣው። መኝታውን ርካሽ ግዙ፣ ይበላዋል። ገንዘባችሁን ለሚያንሸራትት ወለላችሁ ምንጣፍ አውሉት።

እኔ የፈለግሁት ቀድሞ ሮጦ የመጣውን ባለ ቀይ ክሩን ወፍራም ነበር። ሴትዮዋ «እሱ ላንተ አይሆንም፣ ያደክምሃል» ብለው አረንጓዴ ክር ያላትን ሰጡኝ። ቅር ብሎኝ ነበር የተቀበልኩት። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ስትሮጥ እስካሁን ድረስ የማየው የኋላ እግሮቿን ነው፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ሲከተል።

ለጓደኛዬ የእሳቸውን ስልክ ሰጥቼዋለሁ። ውሻዋ ገና አሁን ነው ያረገዘችው። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፣ ከዚያ 8 ሳምንት አለ። «አራት ወር ሙሉ ልጠብቅ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቤቱ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ እስከዚያ ምንጣፉን ይግዛ።