የጋራ ጥናት ረቂቅ፦ የፔሮቭስካይት ንጣፍ በየትኛው ሴኮንድ ክሪስታል ይሆናል?

አስተባባሪዋ፣ አዲስ አበባ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው የተስማማንበት ርእስ «ሰፋፊ የፔሮቭስካይት ኤልኢዲዎች» የሚል ነበር። ፔሮቭስካይት ከሙሙት ተቀብቶ ሲደርቅ ክሪስታል የሚሆን ቁስ ነው፤ ኤልኢዲው ደግሞ በዚህ ስስ ንጣፍ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚበራ መብራት ነው። ልጽፈው ስቀመጥ ግን ከአቅማችን በላይ ሆኖ ታየኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 ካምብሪጅ ላይ በክፍል ሙቀት የበሩት ኤልኢዲዎች ቅልጥፍናቸው አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም ነበር፤ በ2018 የተለያዩ ቡድኖች ከ20 በመቶ አለፉ። ይህ ሁሉ ግን የተገኘው ጥቂት ስኩዌር ሚሊሜትር በሆነች ነጥብ ላይ ነው። በመዳፍ ስፋት ስንሞክረው መሃሉ እያበራ ዳሩ ሲጠቁር አይተናል። ስለዚህ መብራቱን ትተን ንጣፉ የሚደርቅባቸውን ሴኮንዶች እናጥና እላለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ድሬዳዋ

እደግፋለሁ። ገምጋሚው ከሌላ ሙያ ሊሆን ስለሚችል ግን መነሻው በግልጽ ይጻፍ። የሲዚየም ብሮማይድና የእርሳስ ብሮማይድ ሙሙት ብርጭቆ ላይ ሲቀባ አሟሚው ይተናል። ሙሙቱ መሸከም ከሚችለው በላይ ሲጠግብ የክሪስታል ዘሮች ብቅ ይላሉ። ብዙ ሆነው በአንድ ቅጽበት ከተወለዱ ንጣፉ ጥቃቅንና ጥቅጥቅ ባሉ ክሪስታሎች ይሸፈናል። ጥቂቶች ቀድመው ከተወለዱ ግን የጎረቤቶቻቸውን ድርሻ እየወሰዱ ይገዝፋሉ፤ በመካከላቸውም ቀዳዳ ይቀራል። ለተማሪዎቼ በእንጀራ ነው የማስረዳው። እንጀራ ላይ ዓይን ውበት ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ዓይን የላይኛውና የታችኛው ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ንጣፍ) የሚነካኩበት በሽታ ነው።

ትንሽ ብርጭቆ ሲሆን እያሽከረከርን በትክክለኛው ሴኮንድ ክሪስታሉን የማያሟሟ ፈሳሽ ጠብ እናደርግና ዘሮቹን በአንድነት እንቀሰቅሳለን። ሰፊ ብርጭቆ ላይ ጠብታው መሃሉን ነክቶ ዳር ሳይደርስ ሰዓቱ ያልፋል። አንድ ነገር ደግሞ ይሰመርበት፤ በፀሐይ ሕዋስ የሠራችሁ ትልልቅ ክሪስታል መፈለግ ለምዳችኋል። ለኤልኢዲ ግን ብዙውን ጊዜ ትንንሾቹ ይሻላሉ፤ ተቃራኒዎቹ የኤሌክትሪክ ሙሎች ተቀራርበው ስለሚቆዩ ብርሃን ሆነው የመውጣት ዕድላቸው ይጨምራል።

የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ ሃምቡርግ

መምህሬ፣ ስለ ጠብታው ያሉት በእኛም ደርሷል። እኛ አሁን በምላጭ ቀብተን በናይትሮጅን ነፋስ እናደርቃለን። በ2021 በምላጭ የተቀባ 28 ስኩዌር ሴንቲሜትር ቀይ ኤልኢዲ ታትሟል፤ መንገዱ አለ ማለት ነው። ገምጋሚ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከወዲሁ ይታየኛል። በ2022 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ክሪስታሎቹን አስቀድመው በፈሳሽ ውስጥ አሳድገው፣ በዘንግ ቀብተው፣ በ102 ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ 22.5 በመቶ ቅልጥፍና አግኝተዋል። ለምን ያንን አትከተሉም ቢለን ምን እንመልሳለን?

አስተባባሪዋ

እነዚያን ክሪስታሎች ከመጣበቅ የሚጠብቃቸው የሞለኪውል ሽፋን ኤሌክትሪክ ያግዳል፤ እሱን ለክቶ ማጠብ ብዙ አሟሚ ይፈጃል። ለማነጻጸሪያ እንያዘው። የእኛ ጥያቄ ግን እዚሁ በአገራችን የተወለደ ነው። ባለፈው ዓመት በባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ቃል በቃል ተከትዬ ሦስት ወር ሙሉ የተበላሸ ንጣፍ አወጣሁ። ዱቄቱን ጠረጠርኩ፤ ብርጭቆውን ደጋግሜ አጠብኩ። ጥፋቱ የከፍታው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ተን ቶሎ ይበተናል፤ በረጋ አየር ትነቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ሊፈጥን ይችላል። የግሎቭ ቦክሱም (እጅ በጓንት አስገብተን የምንሠራበት የታሸገ ሣጥን) ግፊት ከውጭው ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ከዚህ አያድነንም። «በ30ኛው ሴኮንድ ጠብ አድርጉ» የሚል መመሪያ እዚህ ሲደርስ ዘግይቷል።

የቀድሞው ተማሪ

ይህ ጠንካራ ሐሳብ ነው። አንድ እርማት ብቻ፤ በነፋስ ስናደርቅ ልዩነቱ ይጠባል፤ በእኔ ስሌት በእኩል የነፋስ ፍጥነት ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱንም አደራረቅ እንለካ። ሃምቡርግ በባሕር ጠለል፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከላይ፤ ሦስት ከፍታ በአንድ ሙሙት። የብርጭቆው ሙቀትና የክፍሉ እርጥበት ግን በሦስቱም እኩል ይጠበቅ፤ አለዚያ የድሬዳዋን ሙቀት ከፍታ ነው ብለን እንጽፋለን። መለኪያውም ውድ አይደለም። ንጣፉ ሲደርቅ አልትራቫዮሌት መብራት አብርተን በካሜራ እንቅረጽ፤ ክሪስታሉ ሲወለድ አረንጓዴ ይበራል፤ የት ቀድሞ እንደበራ በየሴኮንዱ ይታያል።

አባል፣ ባሕር ዳር

ገንዘብ ሰጪ የሚበራ ነገር ማየት ይፈልጋል። 100 ስኩዌር ሴንቲሜትር መብራት ቃል እንግባ።

አስተባባሪዋ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። የማንደርስበትን ጽፈን ከምናፍር፣ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ንጣፍ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ ዘጠኝ ቦታ ላይ ተለክቶ እንዲቀርብ ቃል እንግባ። መብራቱ በሁለተኛው ዓመት፣ ያውም ንጣፉ ካለፈ ብቻ ይሁን።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ አዲስ አበባ

ስለ ሥራው ሲወራ ስለ እጃችን ማንም አላነሣም። አሟሚው ዲኤምኤስኦ ቆዳን አልፎ ይገባል፤ በውስጡ የሟሟውን እርሳስም ይዞት ሊገባ ይችላል። ተራ የሕክምና ጓንት ለዚህ አይበቃም። ምላጩን ያጠብንበት ፈሳሽ ደግሞ ወደ ገንዳ መደፋት የለበትም። ለጓንት፣ ለታሸገ በርሜልና ለማስወገጃ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ካልተሰጠው ስሜ በረቂቁ ላይ እንዲገባ አልፈልግም።

አስተባባሪዋ

ትክክል ነዎት፤ ይህ በእኔ ጉድለት የቀረ ነው። የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ይሆናል፤ ክፍሉን እርስዎ ቢጽፉልን። መምህር የክሪስታሉን መነሻ፣ ሃምቡርግ የካሜራውንና የነፋሱን አሠራር ይጻፉ። የከፍታውን እኔ እጽፋለሁ፤ የተበላሹትን ንጣፎች ፎቶግራፍም ከነቀናቸው አያይዛለሁ።