ከመሐንዲሶች ማህበር ጋር ልንፈራረም ነው፤ ውሉ ውስጥ ምን ይግባ?

ጥገና ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። አለቃዬ ከመሐንዲሶች የሙያ ማህበር ጋር የምንፈራረመውን የመግባቢያ ሰነድ እንዳይ ሰጥቶኛል። አዳዲስ ምሩቃንን ተቀብለን ብቁ ባለሙያ ልናደርግ ነው። ረቂቁን አነበብኩት። «በትብብር መሥራት»፣ «አቅም መገንባት»፣ «ልምድ መለዋወጥ» ሞልቶበታል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያደርግ ግን አንድ መስመር የለውም።

በፊት የነበርኩበት መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለ ሰነድ ተፈርሞ ነበር። ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ። የመጡት ልጆች ፋይል ሲያደራጁ ከርመው ሰርተፊኬት ይዘው ሄዱ። በዚህ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ፣ ውሉ ላይ የግድ መጻፍ ያለበት ምንድን ነው? ልጆቹስ መጥተው ምን ይሥሩ?

የድሮ መካኒካል፦

እህቴ፣ ሳይፈረም መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እኔ ወጣት መሐንዲሶችን ስከታተል ነው ያረጀሁት፤ ትንሽ ባወራ አትታዘቢኝ።

መጀመሪያ የምትፈልጊው የሰው ስም ነው። ውሉ ላይ ሜንተሩ፣ ማለትም ልጆቹን የሚከታተለው ባለሙያ፣ በስም ካልተጠቀሰ የቀረውን ማንበብ ድካም ነው። በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ከምርት ሥራ ነጻ ይሆናል ተብሎ ይጻፍ፣ ሥራ አስኪያጁም ይፈርምበት። «ጊዜ ሲገኝ» ከተባለ አለቀ። ጥገና ክፍል መቼ ነው ጊዜ ኖሮት የሚያውቀው?

የብሪታኒያ ሲቪል መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1818 የተመሠረተ ነው፤ እነሱ ይህን አጥብቀው ይዘውታል። መጀመሪያ የቀጣሪውን የሥልጠና ፕሮግራም አይተው ያጸድቃሉ። ከዚያ ሠልጣኙ የሥልጠና ስምምነት ይገባል። ቀጣሪው በበኩሉ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይመድባል። ልጁ የሚጠበቅበት ደረጃ ላይ መድረሱን አይቶ የሚፈርመው ያ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይሠራ ተፈርሞለት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።

ሁለተኛው ሎግ ቡኩ ነው፤ ልጁ የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር። ብዙ ሰው እንደ ወረቀት ሥራ ያየዋል። እኔ ግን ሥልጠናው ራሱ እዚያ ውስጥ ነው እላለሁ። አንድ ልጅ «በፓምፕ ጥገና ላይ ተሳትፌያለሁ» ብሎ አመጣልኝ። አልፈረምኩም። ሞተሩንና ፓምፑን የሚያያይዘው ካፕሊንግ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላል? ዳያል ጌጁ፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካው ባለ መርፌ መሣሪያ፣ ስንት አነበበ? መልስ የለውም። ማሽኑ ቆሞ ስለነበር ተመለሰና ጌጁን አንዱ የሞተር እግር ላይ ተከለው። ብሎኑን ሲያላላው መርፌው ዘለለ። ለካ እግሩ ከቤዙ ጋር በደንብ አልተቀመጠም ኖሯል፤ ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር የሞተሩን አካል እያጣመመ አላይመንቱን፣ ማለትም የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ በአንድ መስመር መግጠሙን፣ ያበላሸዋል። እኛ ቤት ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከዘለለ አይታለፍም። ከእግሩ ሥር ሺም (ስስ የብረት ንጣፍ) አስገባ፣ ደግሞ ለካ፣ አላይመንቱን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያመጣልኝ ጽሑፍ ገጹን ሞልቶታል። ምን ለካ፣ ምን ጠረጠረ፣ ምን ወሰነ፣ ማን አጸደቀለት፣ ሁሉም አለ። የማህበሩ ገምጋሚ የሚፈልገው ይህንን ነው። «ተሳትፌያለሁ» ማለት እኮ ቁልፍ ማቀበልም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማህበሩም ሥራ ይሰጠው። አርማውን ብቻ አትቀበሉት። መመዘኛውን ያምጣ፣ ገምጋሚ ከውጭ ይላክ። የራሳችንን ልጅ ራሳችን ስንመዝን ዓይናችን ይሞኛል።

የሰው ኃይል፦

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ወጪውን የምንችለው እኛ ነን፤ ልጁ በቃ ሲባል ተፎካካሪ ይወስደዋል። ለአስተዳደር ምን ብዬ ላስረዳ? ደግሞ ልጁ ለኮርስ በሄደ ቁጥር የሥራ ቦታው ባዶ ይሆናል።

የድሮ መካኒካል፦

ስለ ባዶ ቦታው የቆየ መላ አለ። ኸርማን ሽናይደር የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ27 ተማሪዎች ጀመረው። ተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ክፍል፣ አንድ ሳምንት ፋብሪካ ይውላሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ስለሚወጣ ማሽኑ ሰው አያጣም። እናንተም ሁለት ልጅ ተቀብላችሁ ማፈራረቅ ትችላላችሁ።

መሄዱን በተመለከተ፣ የተወሰነ ጊዜ አገልግሎ እንዲሄድ በውል ማሰር ይቻላል። እኔ ግን በዚያ ብቻ አልተማመንም። ሊሄድ የቆረጠን ሰው በወረቀት ይዘሽ ሥራ አታሠሪውም፤ ቀኑን እየቆጠረ ነው የሚውለው። ይልቅ ማህበሩ በዘርፉ ያሉ ሌሎች ፋብሪካዎችንም ያስገባ። ሁሉም ካሠለጠነ የሚሄድብሽ አለ፣ የሚመጣልሽም አለ። ብቻሽን ካሠለጠንሽ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምታሠለጥኚው፣ እሱ እውነትሽን ነው።

ገና ጀማሪ፦

እኔ ፋይል ሲያደራጁ ከከረሙት አንዱ ነኝ 😄። ኋላ ሌላ ቦታ ደህና ሜንተር ገጠመኝ፣ ግን መሀል ላይ ሥራ ለቀቀ። ሎግ ቡኬ አልተፈረመም ነበር። አዲሱ ኃላፊ «ሲሠራ ያላየሁትን ሥራ አልፈርምም» አለ፤ ልክ ነው፣ ምን ልበለው። ስለዚህ ሁለት ነገር አስገቡልን፦ ፊርማው በየወሩ ይሁን፣ ተተኪ ሜንተርም ከመጀመሪያው ይሰየም። ሌላ፣ አንድ ክፍል ብቻ አታስቀምጡን። ኤሌክትሪኩንም፣ ፕላኒንጉንም፣ ስቶሩንም እንየው። መለዋወጫ ለምን እንደሚዘገይ የገባኝ ስቶር ስሠራ ነው።

ጥገና ክፍል፦

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሜንተሩ ሰዓት፣ የየወሩ ፊርማና የውጭ ገምጋሚው ረቂቁ ውስጥ ገብተዋል። አለቃዬ ሰዓቱ ላይ ፊቱን አጨፍግጓል፣ ቢሆንም አልሰረዘውም። አንድ ነገር ቀረኝ። ልጁ ሥራ ላይ ቢጎዳስ?

የድሮ መካኒካል፦

ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ «በጋራ» የሚል ቃል አትቀበዪ። ማሽን ከመንካቱ በፊት ደግሞ የሎክአውት፣ ማለትም ማሽኑን ከኃይል አጥፍቶ የመቆለፍ፣ ሥልጠና ይውሰድ፣ የራሱ መቆለፊያና በስሙ የተጻፈ ታግ (ምልክት) ይሰጠው። ሜንተሩ ቆልፎታል ብሎ ተማምኖ እጁን እንዳያስገባ።