እማዬ የእንቅልፍ ሕክምናዋን እየረሳች ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እንቅልፍ ካጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሐኪሟ በዚህ ዕድሜ የእንቅልፍ ኪኒን ለመውደቅ ያጋልጣል ብላ ያለ መድኃኒት የሚሰጠውን የባህሪ ሕክምና ጀመረችላት።

ሕጉ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመውጣት፣ 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጣ ካልወሰዳት ተነሥታ ሳሎን መቀመጥ፣ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። ሐኪሟ ፊት "እሺ የኔ ልጅ" ትላለች። ቤት ስንገባ ግማሹ የለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስነቃ በጨለማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዳዊት ትደግማለች። "ሳሎን ሄደሽ ድገሚ እንጂ" ስላት "ማን እንዲህ አለ?" ትለኛለች። ዳዊትን በቃሏ የምትወጣ ሴት የሐኪም ሦስት ቃል ጠፋባት!

የእንቅልፍ መመዝገቢያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሷ የምትጽፈው በእኛ ሰዓት፣ ቅጹ በፈረንጅ። "4 ሰዓት ተኛሁ" ያለችውን ሐኪሟ ሊነጋ ሲል ነው ብላ አነበበችው።

በአማርኛ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩላት፤ ለሦስት ቀን ሠራ። ደጋግሜ ሳስታውሳት ደግሞ "ሕፃን አደረግሽኝ" ብላ ታኮርፋለች። እውነቷን ነው።

ወላጅ በዚህ ሕክምና ያሳለፋችሁ፣ ምን ያዘላችሁ? ሐኪሟ በቀጠሮው መጨረሻ ላይ የተባለውን እማዬ ራሷ መልሳ እንድትናገር ብትጠይቃት ቅር ይላታል? ድምፄን ስልኳ ላይ ቀድቼ ማታ ማታ ብታዳምጠውስ? የከሰዓት ቡናዋን ነገር ግን አታንሡብኝ፤ እሱን ገና አልደፈርኩትም።